ተው ባይ ያጣ ፍርሃት

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲወጣ እኔ ከሥራ ገብቼ ተጋድሜያለሁ፤ በሐምሌ የጀርመን ፀሐይ ገና በጠዋቱ መጋረጃውን ሰንጥቃ ትገባለች፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፣ ትራሱን ጭንቅላቴ ላይ አደርጋለሁ፣ አይሆንም። ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራባቸው አይጦች ሌሊት የሚነቁ ፍጥረቶች ናቸው፤ እኔም ከነሱ ጋር ነቅቼ አድሬ ጎረቤቶቼ ብስክሌታቸውን ሲያወጡ ደረጃውን እወጣለሁ፤ ታች ቤት ያሉት ሴትዮ መልካም ቀን ይሉኛል፣ እኔም መልካም ቀን እላቸዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ ከሰው ጋር አልነጋገርም። ቡታጅራ አሁን ረፋዱ ነው። አባቴ የበርበሬ መደብሩን ከፍቶ፣ አፍና አፍንጫውን በሻሽ ጠምጥሞ ጆንያዎቹን ወደ ደጅ እያስወጣ ይሆናል። እህቴ ፈቲሀ ደግሞ... እሷ ጋ ስደርስ ሐሳቤ ይቆማል፤ ስልኩን ከትራሱ ሥር አውጥቼ አየዋለሁ፤ አባቴ አልደወለም። እደውላለሁ ብሏል፤ ዛሬ የፈቲሀን ነገር ልንቆርጥ ነው። ሳላሁ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ አንተ ያልከው ይሆናል፣ አለኝ ትናንት። እኔ ሳላሀዲን ሀቢቡ፣ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ፣ ፍርሃትን አጠናለሁ ብዬ ባሕር የተሻገርኩ ሰው፣ ምን እንደምለው አላውቅም።

ፈቲሀ ታናሼ ናት፤ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ በቁመት እማን ትበልጣለች፣ ትበልጥ ነበር። አትናገርም። ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ የምትወደውንና የምትጠላውን ግን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። ዛላ በርበሬ ፊቷ ከፈሰሰላት ጠማማውን ከጠማማው፣ ቀጥ ያለውን ከቀጥ ያለው ጋር እየደረደረች ቀኑን ሙሉ ትውላለች፤ አባቴ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፣ በኋላ ደንበኞቹ እሷ የለየችውን አምጣልን ማለት ሲጀምሩ ቁጣው ቀረ። አንዱ ጂን ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ፤ እማ ሁሉንም ሰማች፣ ቁርአንም አስቀራችላት፣ የተባለውን ሁሉ አደረገች። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ፊልጶስ የሚባል መምህራችን ስለ አንጎል እያስተማረ ኦቲዝም የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ምልክቶቹን ሲናገር እህቴ መጥታ የክፍሉ በር ላይ የቆመች መሰለኝ። ትምህርቱን አቋርጬ ወጣሁና ደወልኩ። እማ፣ የፈቲሀ ነገር ስም አለው፣ አልኳት። ስም አለው እንዴ? አለች። አዎ፣ አለው። እንዲያ ከሆነ ሌላም ሰው ቤት አለ ማለት ነው፣ ልጄ ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ! አለችና ማልቀስ ጀመረች። ይድናል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ያንን የጠየቀኝ አባቴ ነው።

ዓምና ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ፤ ጓንት አድርጌያለሁ፤ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ አላነሳውም፤ ዝም ይልና ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ እንደ አሁኑ ክረምት ነው። በመጨረሻ ሳነሳው አክስቴ ሰፍያ ናት፣ የእማ ታናሽ፣ ወልቂጤ የምትኖረው። ሳላሁ፣ ቆመህ ነው? ተቀመጥ እስቲ፣ ትለኛለች፤ እንዲህ ከተባልኩ በኋላ ቀሪውን አውቄዋለሁ። እማና ፈቲሀ ከገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ባጃጅ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ፈቲሀ ክርኗ ተላጠ እንጂ ምንም አልሆነችም። እማ እዚያው አለፈች። ሰው ሲደርስ ፈቲሀ የእማን ሻርፕ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች፤ ባጃጁ በጎኑ ተጋድሟል፣ ሞተሩ አልጠፋም፤ ሬሳ ሲነሳ፣ ሴቶቹ ሲጮሁ፣ ፈቲሀን ከሻርፑ ሲያላቅቋት፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩን ማጥፋት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። በእኛ ወግ ጀናዛ አይቆይም፤ ከመግሪብ ሶላት በፊት ተቀበረች። እኔ ለለቅሶው እንኳ ልድረስ ብዬ ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ ሮጥኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ እየታደሰ ነበር፤ በእጄ ያለው ጊዜያዊ ወረቀት ነው፣ ብወጣበት ተመልሼ አልገባበትም። በሩ ላይ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን አለ፤ ቀጠሮ የሌለው ቁጥር አያገኝም፤ ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ ክፍት ቀን የለም ይላል። ጥበቃው ትሑት ሰው ነበር። እናቴ ሞታለች አልኩት በሚንተባተብ ጀርመንኛዬ፤ በጣም አዝናለሁ አለኝ፣ እውነትም ፊቱ አዘነ፤ ቀጥሎ ቀጠሮ አለህ? አለኝ። ትቼ ልሂድ፣ የመጣው ይምጣ፣ ብዬ ነበር። አትምጣ ያለኝ አባቴ ነው። እናትህ እንደሆነች አንድ ጊዜ ሄዳለች። መጥተህ እዚህ ከቀረህ ለእህትህ ማን አለላት? መድኃኒቱን አግኝተህ ና፣ አለኝ።

መድኃኒቱን። ሥራዬን እንደዚያ ነው የሚረዳው፤ እኔም እንደዚያ እንዲረዳው ትቼው ነበር። በአንጎል ውስጥ ለውዝ የምታክል ቦታ አለች፣ አሚግዳላ ትባላለች፣ ፍርሃት የሚታወሰው እዚያ ነው። አንዱ የነርቭ ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት መገናኛ ደግሞ ሲናፕስ ይባላል፤ አንዳንዱ ሲናፕስ ተነሳ፣ ሩጥ፣ ጩህ ይላል፤ ሌላው ተው ይላል። እኔ የማጠናው ተው ባዩን ነው። አይጧ አንድ ድምፅ ሰምታ ወዲያው እግሯን ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ከነካት፣ በማግስቱ ድምፁን ብቻ ስትሰማ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች። ድምፁ ያለ ንዝረት ተደጋግሞ ሲመጣባት ግን ቀስ በቀስ ትፈታለች፤ ፍርሃቱ ስለጠፋ አይደለም፣ ፍርሃቱማ እዚያው አለ፤ ተው ባዮቹ ስለጠነከሩ ነው፣ በአሮጌው ትምህርት ላይ አዲስ ስለተደረበበት ነው። ከኦቲዝም ጋር የሚያያዝ የዘር ለውጥ ያለባቸው አይጦቼ ግን ተው ባያቸው እንደሌሎቹ አይጠነክርም። ድምፁ ይመጣል፣ ምንም አይነካቸውም፤ ደግሞ ይመጣል፣ ምንም አይነካቸውም፤ እነሱ እንደደረቁ ናቸው። በካሜራው አያቸዋለሁ። ጥግ ላይ ተሸጉጣ ቶሎ ቶሎ የምትተነፍሰውን፣ አይዞሽ ፈቲሀ፣ እላታለሁ፤ መልሼ አፍራለሁ። እህቴ አይጥ አይደለችም። ላብራቶሪውን የምትመራው ፕሮፌሰር ሁልጊዜ ከአይጥ ወደ ሰው አትዝለሉ ትለናለች፤ እሷ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጠብቄ እዘላለሁ።

መጋቢት ላይ አንድ ነገር አየን። የሞከርነው ውህድ ተው ባዮቹን ያበረታ መሰለ፤ ደርቀው ይቀሩ የነበሩት አይጦች ድምፁ እየጮኸ ተነስተው ግድግዳውን ያሸታሉ፣ ጢማቸውን ይጠርጋሉ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለማንም አልናገርም ነበር፤ ጠዋት አባቴ ደውሎ ድምፅህ ምን ሆኗል ሲለኝ ግን፣ አባባ፣ አንድ ነገር ያገኘን መሰለኝ፣ አልኩት። መሰለኝ የምትለዋን ኔትወርኩ በልቷት ይሁን እሱ ሊሰማት ሳይፈልግ ቀርቶ፣ የሀቢቡ ልጅ መድኃኒቱን አገኘ ተብሎ ቡታጅራ ሁሉ ሰማ። አባቴ ሰደቃ አወጣ። ከመስጊድ ሲወጡ ሰዎች እጁን ይዘው እንኳን ደስ አለህ አሉት። በሌሎች አይጦች ደገምነው፤ ምንም። ደግሞ ደገምነው፤ ምንም። የመጀመሪያው እንዲያው አጋጣሚ ነበር። ፕሮፌሰሯ፣ ሳይንስ እንዲህ ነው ሳላሀዲን፣ አለችኝ፤ እውነቷን ነው፤ ግን ይህ ለአባቴ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ነገርኩት። ከኋላው የሚዛን ድንጋይ ሲነሳና ሲቀመጥ ይሰማኛል። እሺ፣ አለ፤ አላህ ያለው ነው፣ አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ፣ በልተሃል? ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የሚለውን ቃል ከአፉ አልሰማሁትም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው አባቴ በፈቲሀ ላይ በር ከውጭ መቀርቀር የጀመረው። ባጃጅ የማይሰማበት ሰዓት ቡታጅራ ውስጥ የት አለ? ፈቲሀ ድምፁን ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ትጮሃለች፤ ግንባሯን ከግድግዳ ታጋጫለች፤ አንድ ቀን የግቢው በር ክፍት ሆኖ አግኝታ ከድምፁ ልታመልጥ ወደ አስፋልቱ ሮጠች፣ አይሱዙ ለጥቂት ሳታት። ጓሮ ያለችውን የጆንያ ማስቀመጫ አጽድቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ አስገባትና ቀረቀረ። አክስቴ ሰፍያ ይህን ሰምታ እያለቀሰች ደወለችልኝ፤ አባቴንም መስመሩ ላይ አስገባችው። የእህቴን ልጅ እንደ ጥጃ ቆልፎባታል! ወልቂጤ እወስዳታለሁ፣ እዚህ እንደሷ ላሉት ክፍል የተከፈተበት ትምህርት ቤት አለ፣ እኔም አለሁላት፣ ትላለች። በምን ትወስጃታለሽ? ይላል አባቴ፤ ቡታጅራና ወልቂጤ በእግር ነው? ሚኒባሱ ሲነሳ ስትጮህ፣ ስትደማ ምን ልታደርጊ ነው፣ አስረሽ? እና ቆልፈህባት ትሙት? ትላለች። ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ሁለቱም የሚጮኹት በእኔ ጆሮ ውስጥ ነው፤ ትራም እየጠበቅኩ ነበር፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ራቅ አለ። ያኔ፣ አባባ፣ አልኩ፤ መድኃኒት የለኝም፤ ግን ፍርሃት እንዴት እንደሚለቅ አውቃለሁ። ከአይጥ ወደ ሰው የዘለልኩት ያን ቀን ነው።

ሰይዶ አብሮ አደጌ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። የምትለውን ልሥራ አለኝ፣ ሌላ አልጠየቀም። ሞተሩን መንገድ ላይ አጥፍቶ ባጃጁን እየገፋ ከግቢው ራቅ አድርጎ ያቆመዋል፤ የፈቲሀ በር ይከፈታል፣ በርበሬዋ ፊቷ ይፈስላታል፤ ስትለምደው ጥቂት ይጠጋል፤ ሞተር የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ከሩቅ። ስትፈራ ወደኋላ መመለስ ነው፤ መቸኮል የለም። አባቴ ግን ቸኮለ። ዝም ብላ በርበሬዋን ስትደረድር አየና ሰይዶን፣ አስነሳው እስቲ፣ አለው። ከግድግዳ አጋጨችው፣ ግንባሯ ተተረተረ። ክሊኒክ ወስዷት ሲመለስ ደወለልኝ። ሙከራህን በአይጦችህ ላይ አድርግ! ይህቺ ልጄ ናት! አለኝና ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አባቴ ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም። በነጋታው ደወልኩ፣ አላነሳም፤ ከዚያም አላነሳም። ሰይዶ ነው የደወለልኝ። ሳላ፣ ጋሽ ሀቢቡ ተቆጥተዋል። እኔ ግን ነገም እየገፋሁ እመጣለሁ፤ ካባረሩኝ እሄዳለሁ። አላባረረውም። በሩንም ራሱ ከፈተለት።

ከዚያ ነገሩ በዝግታ ሄደ፤ እንደ ቡቃያ ነው፣ ሲያዩት አያድግም። አንዳንድ ቀን ወደኋላ ይመለሳል፣ አንዳንድ ቀን ከነጭራሹ ከክፍሏ አትወጣም፤ ሰይዶ ባጃጁ ውስጥ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ጫፍ ላይ እንደደረስን ያወቅኩት አባቴ ራሱ ሲደውል ነው። ስማ! ይላል፣ ስማ! ስማ! የምሰማው የባጃጅ ሞተር ነው፣ ተክ ተክ ተክ ይላል። ሰማህ? በሩ ላይ ነው እኮ! ዝም አለች፣ ወላሂ ዝም አለች፣ በርበሬዋን እየደረደረች ነው! አባቴ ይስቃል። እማ ከሞተች ወዲህ ሳቁን አልሰማሁትም ነበር። መቀርቀሪያውን ነቅዬ ጣልኩት፣ አለኝ። እኔም እዚህ ብቻዬን፣ ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ፤ በዚህ አገር ስኖር የሠራሁት አንድ ሥራ ቢኖር ይህ ነው አልኩ። አክስቴ ሰፍያም ትምህርት ቤቱን አነጋግሬ ቦታ አስይዣለሁ፣ መንገዱን ከለመደች እመጣለሁ አለች።

ትናንት ግን አባቴ ሲደውል ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። ሳላሁ፣ ፈቲሀ ሰሞኑን አንድ ነገር አመጣች፣ አለኝ። ሰይዶ ሲመጣ ተነስታ ትሄዳለች፤ የባጃጁን የጎን ሸራ ገልጣ የኋላውን ወንበር ታያለች። መሳፈር የፈለገች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አትሳፈርም። ታይና ትመለሳለች። ዛሬ ደግሞ ሌላ ባጃጅ በደጅ ቆሞ ሰው ሲያወርድ ሮጣ ወጥታ የወረዱትን ሴትዮ ፊታቸውን በእጇ ይዛ አየቻቸው፤ ለቀቀቻቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው ነበር። ሳላሁ፣ እናትህ ከገበያ ስትመጣ በምን ነበር የምትመጣው? ድምፁን ስትሰማ ማን ነበር ሮጦ በር ላይ የሚቆመው? ትፈልጋታለች እኮ። በባጃጁ ሁሉ ውስጥ እናቷን ትፈልጋታለች።

ይህን እኔ እንዴት አላሰብኩም? አሮጌ ትምህርት አይጠፋም ብዬ የማስተምረው እኔ አይደለሁም ወይ? የዚያን ቀን ድምፁ ሞት ሆነባት፤ ከዚያ ቀን በፊት ግን ዕድሜዋን ሁሉ ድምፁ እማ መጣች ማለት ነበር። ፍርሃቱን ተው አልነው፣ ፍርሃቱ ዝም ሲል ከሥሩ ናፍቆቱ ወጣ። አሁን አባቴ የሚጠይቀኝ ይህን ነው፤ ሰይዶ ቢቀር ፍርሃቱ ተመልሶ ይመጣባታል ብለሃል፤ ሰይዶ ቢመጣ ደግሞ በየቀኑ እናቷን እንደ አዲስ ታጣለች። የትኛውን ላድርግ? እገላበጣለሁ። ላብራቶሪው ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም። ለቅሶው ትዝ ይለኛል፣ ያልነበርኩበት ለቅሶ፣ በስልክ ብቻ ያየሁት፤ ድንኳኑ፣ ሰዉ፣ አባቴ መሐል ተቀምጦ፤ ለእኔ አክስቴ ሰፍያ ተቀመጥ ብላ አረዳችኝ፤ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶች ሰው ተልኮባቸው ተረዱ፤ ፈቲሀንስ ማን አረዳት? ጎረቤት ቤት ነበር ያቆዩአት፣ እንዳትረብሽ። ሁላችንም መርዶ ተነግሮናል፣ አልቅሰናል፣ አላህ ያጽናችሁ ተብለናል። እሷን፣ አጠገቧ የሞተችባትን፣ አትናገርም ብለን አላረዳናትም።

ስልኩ ጠራ። አባባ። ወዓለይኩም ሰላም። ደህና ነኝ፣ አዎ በልቻለሁ። ሰይዶ መጥቷል፣ ይላል አባቴ፤ እዚህ በር ላይ ነው፤ ሸራውን ገልጣ አየች፣ ዛሬ ግን አልተመለሰችም፤ ገብታ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ውረጂ ብላት እንቢ አለች። ምን ልበለው፣ ይሂድ? ይቆይ፣ አልኩት፤ አባባ፣ ይቆይ፣ ነገም ይምጣ። አንተ ግን ግባና አጠገቧ ተቀመጥ። ከዚያስ? ከዚያ አርዳት። ምን? መርዶዋን ንገራት፣ አባባ፤ ለማንም ሰው እንደሚነገረው። አይገባትም እኮ ሳላሁ፣ አለ። ይግባት አይግባት እኔም አላውቅም፣ አልኩት፤ ግን ማንም አልነገራትም። አንተም እኔም።

ስልኩን ሳይዘጋ ሄደ። እርምጃው ይሰማኛል፤ ሰይዶ፣ አጥፋው፣ አለ፤ ሞተሩ ዝም አለ። የወንበሩ ስፕሪንግ ሲጮህ ይሰማኛል። ከዚያ በአማርኛ ሳይሆን እማ ታናግረን በነበረው በጉራጊኛችን፣ የፈቲሀን ስም ጠርቶ ጀመረ። የእማን ስም ጠራ። መንገዱን ነገራት፣ ዝናቡን ነገራት፣ የተቀበረችበትን ነገራት፤ ድምፁ ይቆረጣል፣ ይጠብቃል፣ ይቀጥላል። እኔ እዚህ ፀሐይ በሞላው ክፍል ውስጥ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተነስቼ ተቀምጫለሁ፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው እግሬን ሰብስቤያለሁ። ሲጨርስ አልጮኸችም። ምን ሆነች አባባ? አልኩ በሹክሹክታ። ፊቴን ይዛዋለች፣ አለ፤ ሳላሁ፣ በሁለት እጇ ፊቴን ይዛ እያየችኝ ነው፣ እንባዬን እየነካች ታያለች። ገብቷት ይሆን? እንጃ፣ አልኩት። እንጃ አባባ። አሁን ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ አለ። ዝናብ መጣ፤ ሸራው ላይ ሲወርድ እሰማዋለሁ። ሰይዶ ከውጭ እየረጠበ ነው መሰለኝ፣ ግባ ይለዋል አባቴ፣ ግድ የለም ጋሽዬ ይላል፣ ድምፁ እንደታፈነ ነው። እንውረድ ብላት አሁንም እንቢ ትላለች፣ ይለኛል። እንግዲያው ቆዩ፣ አልኩት። ቆዩ። ዝናቡን አብረን አዳመጥን። ቆይቶ፣ ሳላሁ፣ አለህ? አለኝ።

አለሁ አባባ።